ቤይል ኢንፎርስመንት ሲወጣ ምን ይለበሳል? በር ላይስ «ማነው?» ሲባል ምን ይመለሳል?

ማስረሻ_ስፕሪንግፊልድ
ሰላም ለቤቱ። ቨርጂኒያ ውስጥ ለቤይል ኢንፎርስመንት (በዋስ ወጥቶ ቀጠሮ የቀረን ተከሳሽ ፈልጎ የመያዝ ሥራ) ፈቃድ የ40 ሰዓቱን ሥልጠና የጀመርን ጥቂት ሐበሾች አለን። ሕጉ ስለ ልብስ ሲናገር «የመንግሥት ሰው የሚያስመስል ነገር አትልበስ» ይላል፤ ታዲያ ምን ይለበስ ለሚለው መልሱን ለራስህ ይተውልሃል። ኢንተርኔት ላይ የሚሸጠው ደግሞ ሁሉም ጥቁር፣ ሁሉም ኮከብ ያለበት ነው። ቬስቱ ላይ ምን ይጻፍ? ፊደሉ ምን ያህል ይሁን? የብረት ባጅ ይያዝ ወይስ ይቅር? በር ላይ ከአፍ የሚወጣው የመጀመሪያ ቃልስ? ሲያትልና ካሊፎርኒያ ያላችሁም የእናንተን ጻፉልን፤ ቀጠሮ የቀረ ተከሳሽ ስቴት መሻገሩ አይቀርም።

ቁራኛ
ማስረሻ፣ ሌላውም አንባቢ እንዲከተለን መጀመሪያ ሥራውን ባጭሩ ልበለው። አገር ቤት ዋስ የሆነ ሰው ተከሳሹ ሲጠፋበት ገንዘቡን ይከፍላል እንጂ ሰውየውን ራሱ አስሮ አያመጣም። እዚህ ዋሱ ነጋዴ ነው። ተከሳሹ ለቦንድስማኑ፣ ማለትም ለነጋዴው ዋስ፣ ከዋስትናው ጥቂት በመቶ (ቨርጂኒያ በሕግ ከ10 እስከ 15 በመቶ) ከፍሎ ይወጣል፤ ቀጠሮ ከቀረ ሙሉው ገንዘብ ከቦንድስማኑ ይጠየቃል። ስለዚህ ቦንድስማኑ ሰው ይልካል። የተላከው ሰው የግል ሠራተኛ ነው፤ ፖሊስ አይደለም፣ የፍርድ ቤት መልእክተኛም አይደለም። በድሮው ቁራኛ ከሳሽና ተከሳሽ በኩታ ጫፍ ታስረው ወደ ዳኛ ሲሄዱ ማንም ከሳሹን የመንግሥት ጭፍራ ነው አይልም ነበር። እዚህ ግን ቬስቱና ሽጉጡ ያሳስታሉ። የልብሱ ጣጣ የሚነሳውም ከዚህ ነው።

የምትለብሰው ለተከሳሹ አይደለም። እሱ ለምን እንደመጣህ ያውቃል። የምትለብሰው በመስኮት አይታ 911 ለምትደውለው ጎረቤትና ጥሪውን ሰምቶ ለሚደርሰው ፖሊስ ነው። ጎረቤቷ ፖሊስ ነህ ብላ እንዳትሳሳት፣ ፖሊሱ ደግሞ ሌባ ነህ ብሎ እንዳይሳሳት። ሁለቱን ባንድ ልብስ ማስታረቅ ነው ችግሩ።

አንድ ነገር ደግሞ ከወዲሁ ይታረም። በየሥልጠናው «የ1872ቱ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ በር ሰብረን እንድንገባ ፈቅዶልናል» ሲባል ትሰማለህ። ቴይለርና ቴይንተር የሚባለው መዝገብ ነው። ጉዳዩ ግን ስለ በር አልነበረም። ኮነቲከት ውስጥ በ8,000 ዶላር ዋስ የተለቀቀ ተከሳሽ ኒው ዮርክ ሄዶ፣ እዚያ ተይዞ፣ ለሜይን ስቴት ተላልፎ ተሰጠና ቀጠሮው ቀረ፤ ዋሶቹ ገንዘቡን ይክፈሉ ወይስ አይክፈሉ ነበር ክርክሩ፤ ይክፈሉ ተባለ። ዋሱ ተከሳሹን ሌላ ስቴት ድረስ ተከትሎ ሊይዘው፣ ካስፈለገም ቤቱን ሰብሮ ሊገባ ይችላል የሚለው በመሐል የገባ ሐተታ ነው። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ስቴት የራሱን አጥር አጥሯል፤ የልብሱ ደንብ ከአጥሮቹ አንዱ ነው። 1872ን ጠቅሶ የዛሬውን የስቴት ሕግ መዝለል አይቻልም።

ሲያትል_ዝናብ
ስለ ልብስ ቁርጥ አድርጎ የጻፈው የዋሽንግተን ስቴት ሕግ ነው፤ ምዕራፍ 18.185። አስቀድሞ ታቅዶ በር ተሰብሮ የሚገባበት ጊዜ ሲሆን፣ የሚገባው ሰው ሸሚዝ፣ ቬስት ወይም ሌላ ልብስ ላይ ከሦስቱ አንዱን ጽፎ መልበስ ግዴታው ነው፦ «ቤይል ቦንድ ሪከቨሪ ኤጀንት»፣ «ቤይል ኢንፎርስመንት» ወይም «ቤይል ኢንፎርስመንት ኤጀንት»። ፊደሉ ቁመቱ ቢያንስ 2 ኢንች፣ አንጸባራቂ፣ ከልብሱ ቀለም የሚለይ፣ ከፊትም ከኋላም። ከዚያ በፊት ተከሳሹ እዚያ ቤት ውስጥ እንዳለ የሚያሳምን ምክንያት መኖር አለበት፤ ለአካባቢው ፖሊስም ማሳወቅ ግዴታ ነው። ባጅ ማሳየት ይፈቀዳል፤ ግን የፈቃድ መሥሪያ ቤቱ ያጸደቀውን፣ እነዚያኑ ቃላት የያዘውን ብቻ። ከቦንድ ድርጅቱ ጋር የተፈራረምከውን ውል ቅጂ መያዝ አለብህ፤ የቤቱ ባለቤት፣ ነዋሪው ወይም ፖሊሱ ሲጠይቅህ ውሉንም ፈቃድህንም ታሳያለህ።

ማስረሻ፣ ቨርጂኒያ ይህን ያህል ባትዘረዝርም የዋሽንግተንን መጠን ብትከተል አትከስርም። ሌላ ቦታ ላይ «ምክንያታዊ ሰው ምን ይመስለው ነበር?» ብለው ሲያከራክሩህ፣ ባለ 2 ኢንች ጽሑፍ ራሱ መልስ ነው።

የኛ አገር ፈተና ዝናቡ ነው። ከጥቅምት ጀምሮ ሰው ሁሉ ቬስቱ ላይ የዝናብ ጃኬት ይደርባል፤ ያ ሁሉ ፊደል ከጃኬት ሥር ይቀራል። ጽሑፉ ከላይ በሚለበሰው ላይ ይሁን። የሚሻለው በአንገት የሚጠለቅ፣ ጎኑ ክፍት የሆነ፣ የመንገድ ሠራተኞች እንደሚለብሱት ያለ ሰደርያ ነው። መኪና ውስጥ ተጣጥፎ ይቀመጣል፤ ክትትል ላይ ሲቪል ለብሰህ ትውላለህ፤ ልትወርድ ስትል ከሁሉም በላይ ታጠልቀዋለህ። አምስት ሰከንድ አይፈጅም።

የመርፌ_ልጅ
ልብስ የማተምና የመጥለፍ ሥራ ላይ ነኝ፤ እኔ ደግሞ ከጨርቁ በኩል ልናገር፤ ስህተቱ የሚጀምረው ማተሚያ ቤት ነውና።

2 ኢንች ማለት 5.08 ሴንቲሜትር ነው። 5 ሴንቲሜትር ብላችሁ ካዘዛችሁ ከሕጉ በታች ናችሁ። በሙቀት የሚለጠፈው ቪኒል ሲጫን ጥቂት ሊኮማተር ስለሚችል 5.3 ወይም 5.5 አስቆርጡ።

ቀጥሎ ስፋቱ። «ኢንፎርስመንት» በእንግሊዝኛ 11 ፊደል ነው። በተለመደው ደማቅ ፊደል ቁመቱ 5 ሴንቲሜትር ሲሆን አንዱ ፊደል ከነክፍተቱ ወደ 3.5 ሴንቲሜትር ይወስዳል፤ 11 ሲባዛ 38 ተኩል። የቬስት ፊት ግን ባብዛኛው ከ25 እስከ 30 ሴንቲሜትር ነው። ልኩን የማያውቅ ሠራተኛ ምን ያደርጋል? እንዲገባለት ብሎ ቁመቱን ወደ 3 ሴንቲሜትር ያወርደዋል። ደንበኛውም ሳይለካ ይዞ ይሄዳል። መፍትሔው ጠበብ ያለ ፊደል ነው፤ በ2.3 ሴንቲሜትር ከተያዘ 25 ሴንቲሜትር ግድም ይሆናል፤ «ቤይል» ከላይ፣ «ኢንፎርስመንት» ከታች። ወይም «ቤይል ቦንድ»፣ «ሪከቨሪ»፣ «ኤጀንት» ተብሎ በሦስት መስመር፤ «ሪከቨሪ» 8 ፊደል ብቻ ስለሆነ እንደ ልብ ይዘረጋል። ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን 8 በ3 ኢንች የሆነ ተለጣፊ አትመኑት፤ ረጅሙ ቃል እዚያ ላይ 2 ኢንች ቁመት ይዞ ከገባ ከሩቅ የማይነበብ ክር ይሆናል።

አንጸባራቂ ፊደል የሚያበራው ብርሃኑ ከሚያየው ሰው አጠገብ ሲመጣ ብቻ ነው፤ የፖሊስ ባትሪ ወይም የመኪና መብራት። በረንዳ ላይ ያለ አምፖል ከላይ ሲያበራ ለቤቱ ሰው ግራጫ ሆኖ ነው የሚታየው። ስለዚህ ብርማ ፊደል በግራጫ ጨርቅ ላይ ከሆነ ቀን ጨርሶ አይነበብም። ሕጉ ከማንጸባረቁ ሌላ የቀለም ልዩነት የጠየቀው ለዚህ ይመስለኛል። ጥቁር ቡና ወይም ቀይ ወይን ጠጅ ላይ ብርማ፣ ወይም ብርቱካናማ ሰደርያ ላይ ዙሪያው ጥቁር የሆነ ብርማ ጥሩ ይነበባል።

ቬልክሮ ደግሞ የታወቀ ጣጣ ነው። ሬዲዮ ይሸፍነዋል፣ የቦርሳ ማንገቻ ይቦጭቀዋል፣ ትግል ሲነሳ ተነቅሎ መሬት ላይ ይቀራል። ይሰፋ። ግን ጥይት መከላከያው ውስጥ ያለውን ፓኔል ሳታወጡ አትስፉ! መርፌው የፓኔሉን የውኃ መከላከያ ሽፋን ይበሳውና ላብና ዝናብ ይገባበታል።

ባለ_ኮከብ
ይህን ሁሉ ሴንቲሜትር ከምትቆጥሩ አንድ ወርቃማ ባለ ሰባት ጫፍ ኮከብ ወገባችሁ ላይ አድርጉ። 60 ዶላር ነው፤ በሕጋዊ ድረ ገጽ ይሸጣል፤ «ፉጂቲቭ ሪከቨሪ» (የጠፋን ተከሳሽ መልሶ መያዝ) ተብሎ ተጽፎበታል። ሰው ኮከብ ሲያይ ይታዘዛል። ሥራውም ያልቃል፣ ማንም አይጎዳም።

ጋርላንድ_75040
«ሰው ኮከብ ሲያይ ይታዘዛል» ያልከው ነው ወንጀሉ። ሰውየው የሚታዘዘው ፖሊስ መስለኸው ነው፤ ዐቃቤ ሕጉ ማስረዳት የሚፈልገውም ይህንኑ ነው፤ አንተ ጽፈህ ሰጠኸው። መሸጡ ሕጋዊ መሆኑና መልበሱ ሕጋዊ መሆኑ ለየቅል ናቸው።

ቴክሳስ ውስጥ ይህን ሥራ ያለ ፖሊስነት የሚሠሩት ፈቃድ ያላቸው የግል መርማሪዎችና መሣሪያ የተፈቀደላቸው የጥበቃ ሠራተኞች ናቸው። የግል መርማሪው ለዋስ ድርጅት ሰው ሲይዝ፣ የፌዴራል፣ የስቴት ወይም የከተማ ሠራተኛ ነው የሚያሰኝ ዩኒፎርም፣ ባጅ፣ ጋሻ ወይም አርማ መልበስም መያዝም ማሳየትም አይችልም። ነዋሪው ካልፈቀደ ቤት አይገባም። ከዋሱ የተጻፈ ውክልና ካልያዘ አይነካም። የግል መርማሪነቱን የሚገልጽ መታወቂያ ግን ማሳየት ይችላል።

አሁን ቬስትህን ይዘህ ፍሎሪዳ ውረድ። እዚያ ሰው የሚይዘው ፈቃድ ያለው የቤይል ቦንድ ኤጀንት ነው፤ ማንም ራሱን «ቤይል ኢንፎርስመንት ኤጀንት» ወይም «ባውንቲ ሃንተር» (ለክፍያ ሰው አዳኝ) ብሎ መጥራት አይችልም፤ መጠሪያው ራሱ ተከልክሏል። ሲያትል ላይ ልበስ ተብሎ የታዘዘው ጽሑፍ ማያሚ ላይ ያስከስሳል። «ለሁሉም ስቴት የሚሆን ቬስት» ብሎ የሚሸጥ ካለ ገንዘባችሁን አስቀምጡ። ኢሊኖይ፣ ኬንታኪ፣ ኦሪገንና ዊስኮንሲን ደግሞ የንግድ ዋስትናን ራሱን ከልክለዋል፤ እዚያ ቬስቱ ምን ብሎ ቢጻፍበት ዋጋ የለውም።

ፌርፋክስ_ሎስአንጀለስ
ጋርላንድ ላይ ካሊፎርኒያን ልጨምር። የኛ ሕግ ቃላቱን በስም ጠርቶ ነው የከለከለው። ዩኒፎርሙ ላይ «ዩናይትድ ስቴትስ»፣ «ቢሮ»፣ «ታስክ ፎርስ»፣ «ፌዴራል» ወይም ምክንያታዊ ሰው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሊያስመስልበት የሚችል ተመሳሳይ ቃል መኖር የለበትም። ባጁም እንደዚያው። የድርጅቱ የንግድ ስም ጭምር የመንግሥት የሚመስል መሆን የለበትም፤ ሸሚዝ ከማሳተማችሁ በፊት ስማችሁን አንብቡት። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2023 ወዲህ ደግሞ ለዚሁ ሥራ ከኢንሹራንስ መምሪያው ልዩ ፈቃድ ማውጣት ግድ ሆኗል።

ባለ ኮከብ፣ የከረረ አይምሰልህ፣ «ፉጂቲቭ ሪከቨሪ» የሚለው ጽሑፍ ከሦስት ሜትር አይነበብም፤ ኮከቡ ግን ከሃያ ሜትር ያበራል። ፍርድ ቤቱ የሚጠይቀው በሩን የከፈተችው ሴትዮ ምን እንዳየች ነው። የፌዴራል ሰው መስሎ መቅረብ ደግሞ እስከ ሦስት ዓመት ያሳስራል።

ባለ_ኮከብ
ዋሽንግተን ግን ባጅ ትፈቅዳለች ብላችሁ የለ?

ሲያትል_ዝናብ
የጸደቀ ባጅ፣ ከጽሑፉ ልብስ ጋር። በጽሑፉ ፈንታ አላልኩም።

አስተርጓሚዋ
ቋንቋው ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። እኛ «ባጅ» ስንል አንገት ላይ የሚንጠለጠል የመሥሪያ ቤት መታወቂያ ነው፤ እነሱ ባጅ ሲሉ የብረት ኮከቡ ነው። ሐበሻው ነዋሪ «ባጅህን አሳየኝ» ሲል ፎቶና ስም ያለበትን ወረቀት ነው የጠየቀው። ኮከብ ብታሳየው መልስ አልሰጠኸውም። ፈቃድህን በፕላስቲክ መያዣ ከደረትህ በግራ በኩል አንጠልጥል። ማንገቻው ሲጎተት የሚበጠስ ዓይነት ይሁን፤ የብረት ሰንሰለት አንገት ላይ ማድረግ በትግል ጊዜ ገመድ ማቀበል ነው። ስምህን ይፋ ማድረግ ካልፈለግህ የፈቃድ ቁጥሩ በጉልህ ይታይ።

ማስረሻ_ስፕሪንግፊልድ
በጣም አመሰግናለሁ። ባጁ ቀረ በቃ። የቨርጂኒያን የማሳወቂያ ሥርዓት የሚያውቅ ካለ ደግሞ? እንዲሁም በር ላይ የሚባለውን።

ማናሳስ_ሌሊት
ቨርጂኒያ፦ አስቸኳይ ሁኔታ ካልተፈጠረ በቀር ሰው ለመያዝ ማሰብህን ለአካባቢው ፖሊስ ወይም ለስቴት ፖሊስ ቢያንስ 24 ሰዓት ቀድመህ ታሳውቃለህ። ከያዝክ በኋላ ደግሞ በ60 ደቂቃ ውስጥ። የዋስትናው ሰነድ ቅጂ እጅህ ላይ ይኑር። መኖሪያ ቤት ከመግባትህ በፊት ውስጥ ላሉት ሰዎች በቃል ትናገራለህ። ካሊፎርኒያ ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ ከመያዝህ በፊት ባሉት 6 ሰዓታት ውስጥ ነው ማሳወቅ ያለብህ። የቨርጂኒያን ልማድ ይዞ ትናንት የደወለ ሰው ሎስ አንጀለስ ላይ ምንም እንዳላሳወቀ ነው።

24 ሰዓቱ ሕጉን ያሟላልሃል፤ ሕይወትህን ግን አይጠብቅም። ትናንት ጥሪህን የተቀበለው ሠራተኛ ተረኛነቱ አልቋል፤ ዛሬ ማታ «መሣሪያ የያዙ ሰዎች በር እያንኳኩ ነው» ብሎ 911 የሚደወልለት ሌላ ሰው ነው። ስለዚህ ከመውረድህ 15 ደቂቃ በፊት አስቸኳይ ባልሆነው መስመር እንደገና ደውል። የምትናገረው የተመጠነ ይሁን፦ ስምህና የፈቃድ ቁጥርህ፣ ስንት ሰው እንደሆናችሁ፣ መሣሪያ መያዝ አለመያዛችሁ፣ የሰደርያችሁ ቀለምና ጽሑፉ፣ የመኪናው ዓይነት፣ ቀለምና ታርጋ፣ አድራሻው፣ የተከሳሹ ስምና የልደት ቀን። «ጥቁር ልብስ ለብሰናል» አትበል፤ ሌባውም ጥቁር ነው የሚለብሰው። «ብርቱካናማ ሰደርያ፣ ከኋላው ቤይል ኢንፎርስመንት የሚል» በል። ከዚያ የጥሪውን መዝገብ ቁጥር ጠይቅና ከሰዓቱ ጋር ክንድህ ላይ በስክሪፕቶ ጻፈው። ስልክ በትግል ይወድቃል፣ ወረቀት ይጠፋል፤ ክንድ አይጠፋም።

ወረቀቱ ሦስት ቅጂ ይሁን፤ አንዱ አንተ ጋ፣ አንዱ በረዳትህ፣ አንዱ መኪናው ዳሽቦርድ ላይ። በውስጡ የዋስትናው ሰነድ፣ ቦንድስማኑ የሰጠህ የጽሑፍ ውክልና፣ ቀጠሮ መቅረቱን የሚያሳየው የፍርድ ቤት ወረቀትና የተከሳሹ ፎቶ። ፎቶው ላይ ቁመትና የታወቀ ምልክት ይጻፍ። ወንድማማቾች የሚመሳሰሉበት ቤት ብዙ ነው፤ የእኛ ስም አጻጻፍ ደግሞ ጣጣ ነው፤ የአባት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ስለሚመዘገብ አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ሁለት ሰዎች በአንድ አፓርትመንት ማግኘት አያስደንቅም። ስም አይበቃም፤ የልደት ቀን ይመሳከር። እሱም ራሱ ከመስከረም ወደ ጃንዋሪ ሲገለበጥ የተሳሳተ ሊሆን ይችላል፤ ፎቶውን እመን።

ፖሊስ ሲደርስ፦ ሽጉጥ በመያዣው፣ ሁለት እጅ ክፍት ሆኖ ከደረት ፊት። ወረቀት ለማውጣት ኪስ መግባት የለም፤ ፈቃዱ ደረት ላይ ተንጠልጥሏል ያልነው ለዚህ ነው። አንድ ሰው ብቻ ይናገር፤ «ቤይል ኢንፎርስመንት ነን፣ ጥሪ ቁጥር እንዲህ»። ያዘዘህን ፈጽም። በካቴና አስሮ ቢያጣራም አትከራከር፤ አምስት ደቂቃ ነው።

ባለ ባትሪ የቪዲዮ ካሜራ ደረት ላይ ማድረግ እመክራለሁ፤ ግን ቨርጂኒያ ድምፅ ለመቅዳት የአንዱ ወገን ፈቃድ ሲበቃ፣ ሜሪላንድ፣ ካሊፎርኒያና ዋሽንግተን ስቴት በግል ንግግር የሁሉንም ይጠይቃሉ። እዚያ «እየቀዳሁ ነው» ብሎ ጮክ ማለት ከመግቢያ ቃሉ ጋር ይዋሃድ።

መኪናውንም አትርሱ። ከጨረታ የተገዛ ያረጀ የፖሊስ መኪና፣ ጎኑ ላይ የፍለጋ መብራት፣ ፊቱ ላይ መግፊያ ብረት፤ ሰደርያው ያስተካከለውን መኪናው መልሶ ያበላሸዋል። ሰማያዊ መብራትማ ጨርሶ አይታሰብ።

አስተርጓሚዋ
ማስረሻ፣ የበሩ ቃል ላይ ልምጣ። ችግሩ «ኦፊሰር» የምትለው ቃል ናት። በእንግሊዝኛ ለዘበኛውም ለባንክ ሠራተኛውም ይባላል፤ በእኛ እናቶች ጆሮ ግን ፖሊስ ናት። «ኤጀንት» የምትለዋም ብቻዋን አትበቃም፤ የኢሚግሬሽን ሰው ትመስላለች። «ዋራንት አለኝ» ደግሞ ከሁሉም የከፋው ነው፤ የመያዣ ትእዛዙ ለፖሊስ የተጻፈ ነው፤ አንተ የያዝከው የዋስ ውል ነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን። አንኳኩተህ ከበሩ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ቁም፤ በቀዳዳው ሰደርያህ እንዲታይ። «ማነው?» ሲሉ፦ «ፖሊስ አይደለሁም። ስሜ እገሌ ነው። የአቶ እገሌ ዋስ የሆነው ድርጅት ነው የላከኝ፤ ፍርድ ቤት ቀጠሮ ስለቀረ ነው። ወረቀቱ ይኸው፤ ፖሊስም እንደመጣን ያውቃል።» በቃ። «ፖሊስ አይደለሁም» የምትለው መጀመሪያ ትምጣ፤ መጨረሻ ላይ ከመጣች ሰውየው ደንግጦ አይሰማትም። ድምፅ ከፍ ይበል እንጂ አይቆጣ፤ ለትልቅ ሰው «እርስዎ» ይባል። «ክፈት!» ብሎ በአንተታ መጮህ አገር ቤት ማን እንደሚያደርገው ሁላችንም እናውቃለን።

ከበሩ ማዶ እንግሊዝኛ የማይችል ሰው ካለ ልጅን አታስተርጉሙ። የአሥር ዓመት ልጅ «ቤይል»ን «እስር ቤት» ብሎ ሊተረጉመው ይችላል፤ ቤቱ ሲታመስ ጥፋቱ የእናንተ ነው።

እመት_አሌክሳንድሪያ
ልጆቼ፣ እኔ ከወዲያኛው ወገን ልጠይቅ። ፊታቸውን የሸፈኑ ሰዎች ቬስት ለብሰው በር ቢመቱ፣ የቱ የቱ እንደሆነ ሰው በምን ይለይ?

ፌርፋክስ_ሎስአንጀለስ
እማማ፣ ተገቢ ጥያቄ ነው። ፊቱን የሸፈነ የቤይል ሠራተኛ ሥራውን አያውቅም ማለት ነው፤ ማንነቱን የማሳየት ግዴታ ያለበት ሰው ጭምብል ምን ይሠራለታል? በሩን ሳይከፍቱ ስሙን፣ የድርጅቱን ስም፣ የፈቃድ ቁጥሩን ይጠይቁ፤ ወረቀቱን በመስኮት ያሳይዎ። ከዚያ 911 ደውለው «የቤይል ሰዎች ነን የሚሉ በር ላይ ናቸው፤ አሳውቀዋችኋል ወይ?» ይበሉ። በደንቡ የመጣ ሰው ፖሊስ ሲጠራ ደስ ይለዋል፤ የሚሸሽ ከሆነ መልሱን አገኙ። እ.ኤ.አ. በ1997 አሪዞና፣ ፊኒክስ ውስጥ ባውንቲ ሃንተር ነን ብለው በሌሊት ቤት ሰብረው የገቡ ጭምብል ለባሾች ሁለት ወጣቶች ገድለዋል፤ በምርመራ ሲታይ ዘራፊዎች ነበሩ።

ለስደተኛው ቤተሰብ ደግሞ ይህን ልጨምር፦ ካሊፎርኒያ በ2025 ባወጣችው ሕግ የቤይል ሠራተኞች በኢሚግሬሽን ማስፈጸም ሥራ እንዳይገቡ ከልክላለች። ስለ ወረቀት፣ ስለ ግሪን ካርድ የሚጠይቅ የቤይል ሰው ከሥራው ወጥቷል።

አስተርጓሚዋ
እመት፣ አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። ለወንድም፣ ለአበልጅ ልጅ ዋስ ሆነው ቦንድ ድርጅቱ ዘንድ የፈረሙ ከሆነ ወረቀቱን ያስነብቡ። አንዳንዱ ውል «ተከሳሹን ፍለጋ ቤቴ መግባትን ፈቅጃለሁ» የሚል መስመር አለው። ሰው ዋስ የሆነው በገንዘብ ብቻ ይመስለዋል፤ በሩንም ጭምር ፈርሞ ሰጥቶ ሊሆን ይችላል።

አወያይ
እባካችሁ የእውነተኛ ሰው ስም፣ የድርጅት ስምና አድራሻ አትጻፉ። ሁለት መልእክት ተነስቷል። ክሩ ይቀጥል።

ባለ_ኮከብ
እሺ፣ ኮከቡን ልተው። ግን ሙሉ ጥቁር ላይ ምን አላችሁ? ጥቁር ሱሪ፣ ጥቁር ቦት ጫማ፣ ጥቁር ቬስት?

ቁራኛ
ጫማው ምን ቢሆን ማንም አይቆጥርም። ሱሪው ቡናማ ወይም ጂንስ ይሁን። ጥቁርና ጥልቅ ሰማያዊ ባንድ ላይ ሲሆኑ፣ ወገብ ላይ ካቴናና ሬዲዮ ሲጨመር ነው ምስሉ የሚሞላው። አንዱን ብትሰብረው ይበቃል። አረንጓዴ ቬስት ግን ተው፤ በዚህ ዘመን የፌዴራል ይመስላል።

ጥይት መከላከያውን በተመለከተ፦ በድሮው አጠራር ሦስት ኤ የሚባለው ደረጃ (ደረጃውን በሚያወጣው የአሜሪካ ፍትሕ ተቋም፣ በኤንአይጄ፣ አዲሱ አሰያየም ኤችጂ 2) የሽጉጥ ጥይት ይከላከላል፤ የጠመንጃ አይከላከልም። ፋብሪካዎቹ ባብዛኛው ዋስትና የሚሰጡት ለ5 ዓመት ነው፤ ፓኔሉ ላይ የተጻፈውን ቀን ሳታይ ያገለገለ አትግዛ። መኪና ውስጥ በሐምሌ ሙቀት አትተወው። ኒው ዮርክ ደግሞ ከ2022 ወዲህ ግዢውን ለተወሰኑ ሙያዎች ብቻ ፈቅዳለች። ከሸሚዝ ሥር የሚለበሰው ቀጭኑ ይሻላል፤ ከላይ ሰደርያው ብቻ ይታይ። ወታደር የሚያስመስለው ከውጭ የሚታጠቀው ነው።

ማስረሻ_ስፕሪንግፊልድ
ዲሲስ? ከአርሊንግተን ድልድዩን መሻገር ነው፣ ሰው ደግሞ አጎቱ ዘንድ ነው የሚደበቀው።

ማናሳስ_ሌሊት
ዲሲ እ.ኤ.አ. ከ1992 ወዲህ ገንዘብ ስለሌለው ሰው አታስርም፤ የቦንድ ንግድ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ እዚያ ያለ ፖሊስ ቬስትህ ላይ የተጻፈውን አይቶ የሚያውቀው ላይሆን ይችላል። የቨርጂኒያ ፈቃድ ድልድዩ ላይ ያበቃል። ሰደርያውን አውልቀህ ክትትል ብቻ አድርግ፤ ለመያዝ ከሆነ ጠበቃና የአካባቢውን ፖሊስ ሳታማክር ከመኪና አትውረድ።

የመርፌ_ልጅ
ማስረሻ፣ ልታዝዝ ከሆነ አንድ የቀረኝ ነገር አለ። አጣቢው። ማለስለሻ ፈሳሽ አንጸባራቂውን በቅባት ይሸፍነዋል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ከታጠበ በኋላ ፊደሉ አለ፣ ብርሃኑ የለም። ክሎሪንም አይነካው። ገልብጠህ፣ በቀዝቃዛ ውኃ፣ በገመድ ይድረቅ። ናይሎን ሰደርያ ላይ ቪኒል በሙቀት አታስለጥፍ፤ ዝናብ የሚያንሸራትተው ቅብ ማጣበቂያውን አያስይዘውም፣ ከጥግ ጀምሮ ይላቀቃል። ፖሊስተርና ጥጥ ድብልቅ ጨርቅ ምረጥ ወይም አሰፋው። ስትረከብ ሁለት ነገር አድርግ፦ ማስመሪያ ይዘህ የአጭሯን ፊደል ቁመት ለካ፣ ከዚያ ማታ መንገድ ላይ ሰው አስለብሰህ በ30 ሜትር ርቀት ባትሪውን ከዓይንህ ጎን ይዘህ አብራበት። ከፊትም ከኋላም ካላነበብከው መልሰው፤ ገንዘቡን አትክፈል።

ማስረሻ_ስፕሪንግፊልድ
ብርቱካናማ፣ በሁለት መስመር፣ 5.5 ሴንቲሜትር፣ የተሰፋ። ለሦስት ሰው ስንት ይፈጃል?

የመርፌ_ልጅ
ልካችሁን በውስጥ መስመር ላኩልኝ። ከቬስቱ በላይ ስለሚጠልቅ የደረቱን ልክ ቬስቱን ለብሳችሁ ለኩት።